የወናፍ ቋንቋ

በቃሌ ሸምድጄ በፈተና የዘረገፍኩት፣
ከሰው አልጋ አጠገብ ግን አንድ ቀን ያልፈታሁት
ቃል ነበረኝ ሙሉ ደብተር፦ ፕሉራ፣ ቶራክስ፣ ሎብ፣
እንደ ተውሶ ዕቃ የምይዘው፣ እንዳይሰበር በማሰብ።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ የወንዶች ክፍል፣ አልጋ ሰባት፣
የጮቄ ብርድ ይገባል በተሰነጠቀው መስኮት።
አያ ልየው ተቀምጧል ግራ ጎኑን ደግፎ፣
ትንፋሹን እንደ ሐምሌ እህል ቆንጥሮ፣ ቆንጥሮ አትርፎ።
ከየጁቤ ነው የመጣ። ሥራው ሲጠየቅ «ቀጥቃጭ» ሲል
አልጋ ስምንት ወደ ግድግዳው ዞረ፣ እንቅልፍ የመጣው ይመስል።

«ሂጂና አስረጂው» ብሎኛል ዶክተር ይርሳው ሲጣደፍ፣
«ነገ ደረቱ ይከፈታል፤ ቅጹ ዛሬ ይጻፍ።»
ጀመርኩ፦ «ሳንባ ስስ ልባስ አለው፣ ድርብ፣ እንደ ኩታ ሁለት፤
በድርቡ መሀል መግል ሞልቶ ሳንባህ መስፊያ አጣበት...»
ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። «ወናፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»
አላየሁም። አፈርኩ።
          «እንግዲያ ምኑን ታስረጂኛለሽ?

ወናፍ የፍየል ሌጦ ነው፣ ሳይሰነጠቅ ተገፎ ይወጣል፤
ስትከፍቺው አየር ይጠጣል፣ ስትጫኝው ፍሙን ያቀጣጥላል።
ውሃ በጎኑ ከገባ ግን ሌጦው ይርሳል፣ ይከብዳል፤
ክንድሽ ቢለፋ፣ ቢደክም፣ ምድጃው አመድ ይወልዳል።
ይኸው ነው ያልሽኝ?»
          ይኸው ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል።

ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁለት። ቆይቶ አየው።
«ሰው ይኼን ዓይኔን ሲሸሽ ኖረ፣ ልጁን በነጠላ ሸፍኖ፣
ቀጥቃጭ ሆድ ዕቃ ያያል ብሎ።
እኔ ከጋለ ብረት በቀር የማንንም ውስጥ አላየሁ፤
ይኸው የኔን ውስጥ እናንተ መብራት ላይ ሰቅላችሁ አያችሁ።
ምን አለ?»
          «ደመና። ነጭ። በግራ በኩል፣ ወደ ታች።»
«ሌላስ? ክፉ ነገር?»
          «ሌላ የለም፣ አያ።»
ሳቀ፤ ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ወደ ሳል ዞረ።

ከዚያ ቀለም አቀረብኩ። አውራ ጣቱ ወረቀቱ ላይ ዐረፈ፣
ሲነሳ ጥቁር ክብ ብቻ፤ መስመሩ የት አለፈ?
አርባ ዓመት ጉጠት ሲይዝ፣ ፍም ሲልጠው፣ መዶሻ ሲመታው፣
ስሙን የሚናገር ሐረግ ከጣቱ ላይ ተፋቀ፣ ጠፋው።
መዝገብ ቤት «ይኼ የማን ነው?» አሉኝ።
«የአልጋ ሰባት» አልኩ። ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም።

በማግሥቱ፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ጎድን መሀል፣
ዶክተሩ ቃሉን ሲጠራ በእኔ ጆሮ ሌላ ይባላል፦
ፎርሴፕስ ሲል፣ ጉጠት፤ ቶራኮቶሚ፣ ስፌት መተርተር፤
ዲኮርቲኬሽን፣ ዝገት መላጥ፣ ብረቱን ሳይነኩ፣ በጥፍር።
ማደንዘዣ ሰጪዋ ስንዱ ከረጢቱን ስትጨምቀው
ያ የተጨማደደ ሥጋ ተነፋ፣ ቀላ።
እኔም ወናፍን ያየሁት ያኔ ነው።

ከጎኑ ወጣ ቱቦ፣ አልጋው ሥር ጠርሙስ ገባ፤
በሳለ ቁጥር ውሃው ቡልቅ፣ ቡልቅ።
«የአየር ማፈትለክ» ልለው ስል፣ «አውቀዋለሁ» አለ፣ «የእኛ ነው፤
ወናፍ ሲተነፍስብን ቀዳዳውን የምናገኝ ኩሬ ነክረነው።
አረፋው የወጣበት፣ እዚያ ነው መርፌው የሚያርፍ።»
ጠርሙሱን ሲጠብቅ ሰነበተ፣ ብረት ሲግል እንደሚጠብቅ፣ ሳያርፍ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሐኪሞቹ ሳይደርሱ፣
«ተደፈነ» አለኝ።
ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውሃው ዝም ብሏል።
ቻርቱ ላይ የእንግሊዝኛውን ጻፍኩ፤
አፌ ላይ የቀረው ግን የእሱ ነበር።

ማታ መብራቱን ላጠፋ ስል አልጋ ስምንት ጋቢውን ገለጠ።
እሱም ጎኑ ላይ ቱቦ አለ፣ ከትናንት ወዲህ።
«አንተ ልየው» አለ፣ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ፣
«እስቲ የኔንም እይልኝ።»